«ቡና ያቁሙ!» — የአምስት መቶ ዓመት ክስ

ባለፈው ክረምት የአንዳችን አያት ሐኪም ቤት ደርሰው ሲመለሱ በፌስታል ሁለት ዓይነት ኪኒን፣ በጆሯቸው ደግሞ አንድ ትእዛዝ ይዘው መጡ። «ቡና ያቁሙ!» ነገሩ ደም ግፊት ነው። ኪኒኑን ያለ ክርክር ተቀበሉ። ቡናው ግን... እማማ (ሁላችንም የምንጠራቸው እንዲህ ነው) ጀበናቸውን አጥበው ቁም ሳጥን አናት ላይ አስቀመጡት። በማግስቱ ራሳቸውን በሻሽ ጥፍር አድርገው አስረው ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቶቻቸው «ምነው ጠፉብን?» እያሉ መጡ። መጡና፣ ጀበና በሌለበት ቤት ምን ተይዞ እንደሚቀመጥ ስላልገባቸው፣ እንደ ለቅሶ ቤት ዝም ዝም ብለው ትንሽ ቆይተው ተነሡ። ከዚያ በኋላ መምጣቱም ቀረ።

ይህ ጽሑፍ የተጀመረው በዚያች ሳምንት ነው። እኛ ስለ ቡና ጠይቀን የማናውቅ ሰዎች ነን። ጠዋት ማኪያቶ፣ ከምሳ በኋላ የጀበና፣ ሲመሽ ደግሞ «ለመንቃት ያህል» አንድ ስኒ። ኢንተርኔቱን «ቡና ለጤና ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብላችሁ ብትጠይቁት ሰኞ ዕድሜ ይጨምራል፣ ረቡዕ ልብ ያደክማል፣ ቅዳሜ ካንሰር ይከላከላል ይላችኋል። በጋዜጠኝነት ክፍል ከተማርነው ውስጥ እስካሁን ያልረሳነው ነገር ቢኖር «ክስ ስትሰማ ከሳሹን ጠይቅ» የሚለው ነው። እናም የቡናን የክስ መዝገብ ከመጀመሪያው ገጽ ገለጥነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ስሌቱን ለእናንተ ትተናል!)

ሁሉም ከካልዲ ስለሚጀምር እኛም ከካልዲ እንጀምር። ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲፈነጥዙ ያየውን የከፋ እረኛ በየካፌው ግድግዳ ላይ ተሥሎ አይተነዋል፤ በስሙም ማኪያቶ ጠጥተናል። ተረቱ ግን ታትሞ የወጣው በ1671 ሮም ውስጥ፣ በላቲን ቋንቋ፣ በአንዲት ትንሽ መጽሐፍ ነው። ጸሐፊው ፋውስቱስ ናይሮን የሚባል፣ ሮም ውስጥ ሱርስት ያስተምር የነበረ የማሮናውያን ክርስቲያን ምሁር ነው። እረኛው በመጽሐፉ ውስጥ ስም የለውም፤ «ካልዲ» የሚለው የተለጠፈለት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። እኛን ያስገረመን ግን የመጽሐፉ ርእስ ነው። ወደ አማርኛ ቢመለስ «ካህዌ ወይም ካፌ ስለሚባለው እጅግ ጤናማ መጠጥ የቀረበ ሐተታ» እንደማለት ነው። አያችሁት? ካልዲ የተወለደው በጤና ማስታወቂያ ውስጥ ነው! ፍየሎቹ የመከላከያ ምስክሮች ነበሩ። (የቡና ተክል መነሻው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን የእጽዋት ሳይንስ ስላረጋገጠው የፍየል ምስክርነት አያስፈልገውም።)

ታዲያ በ1671 ቡና ጠበቃ ለምን አስፈለገው? ተከሶ ስለነበረ ነው። የተከሰሰውም ገና ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት፣ ያውም በመካ ነው።

በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ሌሊት ዚክር ላይ እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ቡና ይጠጡ ነበር። ልማዱ ወደ ሰሜን ዘልቆ መካ ገባ። በ1511 የከተማይቱ ሹም የነበረው ኻይር ቤግ አንድ ምሽት በመስጊዱ አጠገብ ሰዎች ተሰብስበው ስኒ ሲቀባበሉ አየ። ሰዎቹ ሲያዩት ፋኖሱን አጠፉበት፤ እሱም ጠረጠረ። በማግስቱ የሕግ ሊቃውንትን ሰበሰበና ቡናን በትልቅ ዕቃ አስቀርቦ ችሎት ተቀመጠ። እዚህ ላይ ነው ሐኪሞች ወደ ታሪኩ የሚገቡት። ሊቃውንቱ «ስብሰባው ይከልከል፤ ፍሬው ግን ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚለውን ባለሙያ ይናገር» ስላሉ ሁለት ፋርሳውያን ወንድማማች ሐኪሞች ተጠሩ። ሐኪሞቹም በዘመኑ ሕክምና ቋንቋ «ቡና ቀዝቃዛና ደረቅ ባሕርይ ስላለው ለሰውነት ጎጂ ነው» ብለው መሰከሩ።

ከምስክሮቹ መካከል አንዱ ደግሞ ተነሥቶ «ቡና እንደ ወይን ጠጅ ያሰክራል» አለ። ጉባኤው ሳቀ። ወይን ጠጅ እንዴት እንደሚያሰክር አንተ በምን አወቅህ? ተብሎ ቢጠየቅ ቀምሻለሁ ብሎ አመነ፤ ተገርፎም ወጣ ይባላል። (እንዲህ ያለ ምስክር በየዘመኑ አይጠፋም።)

ቡና ተከለከለ፤ በየመንገዱም ተቃጠለ። ውሳኔው ለማጽደቅ ወደ ካይሮ ተላከ። ሱልጣን ቃንሱህ አልጉሪ የመለሰው መልስ ግን የነገሩን ሥር ያወጣዋል። የሚያውክ ስብሰባ ይከልከል፣ መጠጡ ራሱ ግን አይከልከል የሚል ነበር። ኻይር ቤግም በዓመቱ ከሹመቱ ተነሣ። ሌሊት ተሰብስቦ የሚያወራ ሰው ነው ሹሙን ያስፈራው፤ «ቀዝቃዛና ደረቅ» የሚለው ከኋላ የመጣ ማኅተም ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ፤ ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። መካ ላይ ቡና የተከሰሰው የእስልምናን ሕግ ይነካል ተብሎ ነበር። በእኛ ደጋ ሀገር ደግሞ ለረጅም ዘመን ክርስቲያን የማይጠጣው «የእስላም መጠጥ» ተብሎ ተከሰሰ! ያው አንድ ፍሬ ነው። ካህናቱ ቡናን ከትንባሆና ከጫት ጋር አንድ ላይ ጠርዘው ያወግዙት ነበር። ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ጀበና የማይጣድበት ቤት ፈልጋችሁ እስክታጡ ድረስ ነገሩ ተረት ይመስላል፤ ግን የቅድመ አያቶቻችን ዘመን እውነት ነው። በዚያው ጊዜ በሌላው የሀገራችን ክፍል ቡና መጠጥ ብቻ ሳይሆን ምግብም ነበር። ኦሮሞዎች ፍሬውን በቅቤ አብስለው ቡና ቀላ ያደርጉታል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አገራችንን የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም ተዋጊዎች ተቆልቶ የተወቀጠ ቡና በቅቤ ለውሰው፣ አድቦልቡለው በቆዳ ከረጢት ይዘው እንደሚጓዙና አንዷ ድብልብል ለቀን ስንቅ እንደምትበቃቸው ጽፏል። ዛሬ ፈረንጅ «ቅቤ በቡና» ብሎ በየጂሙ የሚሸጠውን ነገር ሲያይ ብሩስ ምን ይል ይሆን?

ውግዘቱ የላላው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እንደሚነግሩን ቡና መጠጣት በፍጥነት የተስፋፋው ከ1880 እስከ 1886 ባሉት ዓመታት ሲሆን፣ ምክንያቱም በአመዛኙ ራሳቸው ይጠጡ የነበሩት ምኒልክ ናቸው። አቡነ ማቴዎስም «የእስላም መጠጥ ነው» የሚለውን የካህናቱን እምነት ለማስተው ብዙ ሠርተዋል። ልብ በሉ፣ በእነዚህ ዓመታት በፍሬው ላይ የተለወጠ ነገር የለም። የተለወጠው ማን ከማን ጋር ይጠጣዋል የሚለው ነው።

አውሮፓ ላይ ብዙ አንቆይም፤ ድራማው ያው ነው፣ ልብሱ ነው የሚለየው። ለንደን ውስጥ በ1674 «የሴቶች አቤቱታ በቡና ላይ» የሚል ጽሑፍ ተሠራጨ። ባሎቻችን ቀኑን ሙሉ ቡና ቤት እየዋሉ ደርቀው ቀሩ፣ ለአልጋም አልሆኑ ይላል በጨዋ ቋንቋ ሲነገር (የራሱ ቋንቋ ጨዋ አይደለም)። የጻፉት በእርግጥ ሴቶች መሆናቸውን ብዙ የታሪክ ሰዎች ይጠራጠራሉ። በቀጣዩ ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ቡና ቤቶች እንዲዘጉ አዋጅ አወጣ። የእሱ ምክንያት ግን ግልጽ ነበር፤ ሰዎች እዚያ ተቀምጠው መንግሥትን ያማሉ። ጩኸቱ ሲበረታበት አዋጁን በቀናት ውስጥ መልሶ ሳበው። በ1679 ማርሴይ ላይ ሁለት ሐኪሞች አንድ አዲስ የሕክምና ተማሪ «ቡና ለማርሴይ ሕዝብ ጎጂ ነውን?» በሚል ርእስ በአደባባይ ዲስኩር እንዲያቀርብ አደረጉ። ተማሪውም የተቃጠለው ፍሬ ሰውነትን ያደርቃል፣ ሽባ ያደርጋል፣ ወንድነትን ያጠፋል ሲል ደመደመ። በነገራችን ላይ፣ በዚያው ዲስኩር ውስጥ ቡና የወይን ጠጅን ቦታ እየነጠቀ ነው የሚል ስሞታም ነበረበት። ማርሴይ ደግሞ የወይን ሀገር ናት... እንግዲህ ደምሩት። የፕረሽያው ፍሬድሪክ ደግሞ በ1777 ሕዝቡን «ቢራ ጠጣ፣ አባቶችህም እኔም ያደግነው በቢራ ነው» አለው፤ ያንገበገበው ለቡና የሚወጣው የውጭ ገንዘብ ነበር። በኋላም ከመንግሥት ፈቃድ ውጪ የሚቆላ ሰው እንዲያዝ በየመንገዱ የቡና ሽታ የሚያነፈንፉ ጡረተኛ ወታደሮችን አሠማራ። የእኛ ሰፈር ቢመጡ ኖሮ በአንድ ከሰዓት በኋላ አፍንጫቸው በታወረ!

እስከዚህ ድረስ ከሳሾቹ ሁሉ ቡናው ውስጥ ምን እንዳለ ሳያውቁ ነው የከሰሱት። በ1819 ጀርመናዊው ወጣት ኬሚስት ፍሪድሊብ ሩንገ ከቡና ፍሬ ውስጥ ነጭ ነገር ለይቶ አወጣ። ፍሬውን እፍኝ አድርጎ የሰጠው ደግሞ ታላቁ ባለቅኔ ጎተ ነው። ካፌይን እንዲህ ተገኘ። ዛሬ እንዴት እንደሚሠራ እናውቃለን። ቀኑን ሙሉ በአንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር እየተጠራቀመ «ደክሞሃል፣ ተኛ» ይለናል። ካፌይን የአዴኖሲንን ወንበር ቀድሞ ይቀመጥበታል። ድካሙ አልጠፋም፤ መልእክቱ ነው ያልደረሰው። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ሰውነት ደግሞ ይህን ስለሚለምድ ወንበሮቹን ያበዛል። ቡናው ድንገት ሲቀር አዴኖሲኑ ባዶውን ወንበር ሁሉ ይወርረዋል፤ የአንጎል የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራስ ምታቱ ይጀምራል፤ እስከ ዘጠኝ ቀንም ሊቆይ ይችላል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው መመሪያ ይህን ሁኔታ በስሙ መዝግቦታል። እማማ በሻሽ የታሰሩበት ቀን ማለት ይሄ ነው። በአንድ ቀን ከመቁረጥ ይልቅ ቀስ በቀስ መቀነስ ይህን ሥቃይ እንደሚያስቀር ይታወቃል፤ የነገራቸው ግን አልነበረም።

ካፌይን ከታወቀ በኋላ ክሱ ወደ ሳይንስ ሄደ ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል፤ መጀመሪያ የሄደው ወደ ገበያ ነው። በ1895 አሜሪካዊው ሲ. ደብልዩ. ፖስት ከስንዴና ከሞላሰስ የተሠራ «ፖስተም» የተባለ ቡና መሰል መጠጥ ማምረት ጀመረ። ከዚያም ዓመታትን በጋዜጣ ማስታወቂያ ቡና ነርቭ ይበጠብጣል፣ ልብ ያደክማል፣ ልጅ ያበላሻል እያለ ሰበከ። በዚህም ትልቅ ሀብታም ሆነ። ዛሬም ድረስ በየቤቱ የምንሰማው «ቡና ለልጅ አይሆንም፣ ነርቭ ይነካል» የሚለው ነገር ስንቱ ከሐኪም፣ ስንቱ ከፖስት እንደመጣ ለመለየት ያስቸግራል።

ሳይንሱ በእርግጥ የመጣው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ሲመጣም ተሳስቶ መጣ።

በ1981 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ቡና ከቆሽት ካንሰር ጋር ሳይያያዝ አይቀርም ብለው ጻፉ። ዓለም ደነገጠ። 369 የቆሽት ካንሰር ሕሙማንን ከ644 ሌሎች ሕሙማን ጋር አነጻጽረው ነበር። እነዚያ «ሌሎች ሕሙማን» እነማን ናቸው? ብዙዎቹ በዚያው ሐኪም ዘንድ በጨጓራና በአንጀት ሕመም የሚታከሙ ሰዎች ነበሩ። ጨጓራ ያለበት ሰው ደግሞ ምን ያደርጋል? ቡና ይቀንሳል! ስለዚህ የካንሰር ሕሙማኑ ብዙ ጠጪ የመሰሉት ከጎናቸው የቆሙት ሰዎች ቡና ያቆሙ ስለነበሩ ነው። ያው ቡድን በ1986 ጥናቱን ደግሞ ሠርቶ ግንኙነቱን አላገኘውም። የመጀመሪያው ዜና ግን ዓለምን ዞሮ ነበር፤ ሁለተኛውን የሰማው ጥቂት ነው። ለዚህ እኛ ጋዜጠኞችም እንጠየቅበታለን።

ከዚህ የበለጠ ያስተማረን የ2012ቱ ጥናት ነው። ከ402 ሺህ በላይ አሜሪካውያንን ለዓመታት የተከታተለ ነው። መጀመሪያ ቁጥሩ እንዳለ ሲታይ ቡና ጠጪዎቹ ከማይጠጡት ይልቅ ብዙ ሞተዋል። በቃ፣ ቡና ገዳይ ነው? ቆይ። ቡና የሚያበዙት ሰዎች ሲጋራም ያበዙ ነበር። ተመራማሪዎቹ የሲጋራውን ሒሳብ ለይተው ሲያወጡት ውጤቱ ተገለበጠ፤ በጥናቱ ጊዜ የመሞት ዕድላቸው ከማይጠጡት ዝቅ ብሎ ተገኘ። ለብዙ አሥርት ዓመታት ቡና የከፈለው የሲጋራን ዕዳ ነበር ማለት ነው። (ይህ ማለት ደግሞ ቡና ዕድሜ ያስረዝማል ማለት አይደለም፤ አብሮ መገኘትና ማስከተል ይለያያሉ። በኋላ ሲጋራውን እንዳሳትነው በተቃራኒው እንዳንሳሳት።)

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም በ1991 ቡናን የፊኛ ካንሰር «ሊያመጣ ይችላል» ከሚባሉት ተርታ አስቀምጦት ነበር። በ2016 ከ1,000 በላይ ጥናቶችን አገላብጦ ከዚያ ዝርዝር አወጣው። በዚያው ቀን ግን ሌላ ተከሳሽ አስገባ፤ ሙቀትን። ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሆኖ የሚጠጣ ማንኛውም መጠጥ፣ ሻይም ይሁን ቡና፣ የምግብ ቧንቧ ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው ተብሏል። እኛ ደግሞ ስኒው ከንፈር ካላቃጠለ «ቀዝቅዟል፣ ይሙቅልን» የምንል ሰዎች ነን። በአርሲና በባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት ይታያል፤ ተመራማሪዎች ከጠረጠሯቸው ነገሮች አንዱም የሚፋጅ ገንፎ ነው። ቡናውን ሁለት ደቂቃ ማቆየት ግን ምንም አያስከፍልም።

መዝገቡን እስከዚህ ስናነብ አንድ ነገር እየደጋገመ መጣብን። ቡና ብቻውን ተጠጥቶ አያውቅም። መካ ላይ ከስብሰባ ጋር ተጠጣ፤ በስብሰባው ተከሰሰ። በእኛ ደጋ ከሃይማኖት ጋር ተጠጣ፤ በሃይማኖት ተከሰሰ። አሜሪካ ላይ ከሲጋራ ጋር ተጠጣ፤ በሲጋራው ተከሰሰ። ታዲያ የእኛስ ቡና አጠገብ ምን ተቀምጧል?

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም «በቀን ሦስት አራት ቡና ጥሩ ነው» የሚለው የፈረንጅ ዜና ስለ እኛ ስኒ የተጻፈ አይደለም። የአሜሪካ ኩባያ 240 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል፤ ቡናውም በአብዛኛው በወረቀት ማጣሪያ ያለፈ ነው። የእኛው በጀበና ይፈላል። ለእኛ የሚቀርቡት ኖርዌያውያን ናቸው፤ በተለይ በሰሜን ኖርዌይ ቡናን አፍልቶ ከነአተላው የመጠጣት ልማድ ነበር። በ1983 ትሮምሶ ከተማ ላይ የተሠራ ጥናት ቡና ባበዙ ሰዎች ደም ውስጥ ኮሌስትሮል ከፍ ማለቱን አሳየ። ሌላ ቦታ ግን ይህ አይታይም ነበር። ምሥጢሩ የተፈታው በኋላ ነው። ቡና ውስጥ ካፌስቶል የሚባል ቅባት አለ፤ የወረቀት ማጣሪያ ያስቀረዋል፤ የፈላ ቡና ውስጥ ግን ይቀራል። በ2020 የወጣና ከ508 ሺህ በላይ ኖርዌያውያንን የተከታተለ ጥናትም የተጣራ ቡና የሚጠጡት ካልተጣራው ጠጪዎች የተሻለ ዕድል እንዳላቸው አሳይቷል። ጀበናችን አፍ ላይ የምንወትፈው ጭራ አተላውን ይይዛል እንጂ ቅባቱን አይዝም። ይህን የምንጽፈው ጀበናውን እንድትሰብሩ አይደለም፤ ኮሌስትሮላችሁ ከፍ ያለ ከሆነ ግን አቦል ቶና በረካን በቀን ሦስት ጊዜ መድገሙን አስቡበት።

ሁለተኛው ምሳችን ነው። ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከምግቡ የሚያገኘውን ብረት ይቀንሳል። በ1983 የታተመ ጥናት አንድ ኩባያ ቡና ከምግብ ጋር ሲወሰድ የብረቱን መግባት በ39 ከመቶ እንደቀነሰው አሳይቷል። ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣው ግን ምንም አልቀነሰም። አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣውስ? ያው እንደ አብሮ ነው! የእኛ ሥርዓት ደግሞ መቼ ነው ጀበና የሚጥደው? ገና ትሪው ሲነሣ። ለጎረምሳ ወንድ ይህ ብዙም አያሳስብም፤ ደም ማነስ ላለባት ሴትና ለነፍሰ ጡር ግን ያሳስባል። ነፍሰ ጡሮች በሌላም ምክንያት ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2015 ለነፍሰ ጡሮች በቀን ከ200 ሚሊ ግራም፣ ለሌላው ጤነኛ አዋቂ ከ400 ሚሊ ግራም ካፌይን በላይ አይሁን ብሏል።

ሦስተኛው ማንደጃው ነው። ከሰሉ፣ የሚቆላው ቡና ጢስ፣ ዕጣኑ። በግቢ ቤት በር ተከፍቶ የነበረው ሥርዓት ዛሬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ተዘግቶ ይካሄዳል። የከሰል ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው፤ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ዕጣኑ ይሸፍነው አይሸፍነው ለውጥ የለውም። ስንት ሰው «ቡናው ራሴን አዞረኝ» ያለው ከሰሉ አዙሮት ይሆን?

ስለ ስብሰባውም አንድ ነገር እንበል፤ ምክንያቱም ኻይር ቤግ የፈራው እሱን ነበርና። በ2000ዎቹ የጤና ሠራተኞች ስለ ኤችአይቪ ማንም አፍ አውጥቶ በማይናገርበት ሰፈር ማስተማር ሲፈልጉ ያደረጉት ነገር ቡና ማፍላት ነው። ረከቦት ዙሪያ የተቀመጠ ሰው ያወራል። ሐኪም ለአንዲት ብቻቸውን ለሚኖሩ አሮጊት «ቡና ያቁሙ» ሲል ከካፌይኑ ጋር ጎረቤቱንም ነው የሚያስቆመው፤ ይህን ግን በማዘዣ ወረቀቱ ላይ አይጽፈውም።

ወደ እማማ እንመለስ። ሐኪማቸው ከባዶ ሜዳ አልተነሣም። ካፌይን ለጥቂት ሰዓታት ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ በየቀኑ በሚጠጡ ሰዎች ላይ ግን ሰውነት ስለሚለምደው ጭማሪው ያንሳል። በ2022 የታተመ የጃፓን ጥናት ከ18 ሺህ በላይ ሰዎችን ተከታትሎ፣ ግፊታቸው 160 በ100 እና ከዚያ በላይ የሆኑት በቀን ሁለትና ከዚያ በላይ ኩባያ ቡና ሲጠጡ በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞት አደጋቸው በእጥፍ እንደሚጨምር አገኘ። ከዚያ በታች በሆነ ግፊት ግን ይህ አልታየም። ስለዚህ ጥያቄው «ቡና ይጎዳል ወይ?» ሳይሆን «ግፊትዎ ስንት ነው?» ነው።

ይህን ይዘን፣ ቁጥሩን በወረቀት ጽፈን፣ እማማን ለክትትል ቀጠሯቸው አጅበናቸው ሄድን። በዚያ ቀን ያገኘናት ሌላ ወጣት ሐኪም ነበረች። ግፊታቸው በኪኒኑ ወርዶ 146 በ88 ነበር። ወረቀታችንን አየት አድርጋ (ፈገግ ማለቷ አልቀረም) ወደ እማማ ዞረች።

«ቡናውን እንዴት ነበር የሚጠጡት፣ እማማ?»

«እንዴት ይጠጣል፤ በጨው ነዋ!»

እኛ ደነገጥን። ያደግንበት ቤት ነው፤ ስኒው ውስጥ ጨው እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ አምስት መቶ ዓመት መዝገብ አገላብጠን ግን አንዳችንም አላሰብነውም። ሐኪሟ በቀን ስንት ስኒ እንደሆነ፣ በእያንዳንዱ ምን ያህል ጨው እንደሚገባ ጠየቀች። ዘጠኝ ስኒ፣ በየስኒው ቆንጠር። ወጡ ላይ ያለው ሳይቆጠር።

«ጨዉን ይተዉ፤» አለቻቸው። «ቡናውን ደግሞ ጠዋት ብቻ፣ ሁለት ስኒ። ግፊቱን በየወሩ እናየዋለን፤ ከፍ ካለ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

ጀበናው ከቁም ሳጥኑ አናት ወርዷል። ጎረቤቶቹም ተመልሰዋል፤ ሰዓቱ ከከሰዓት በኋላ ወደ ጠዋት ስለተዛወረ ግን ሁለቱ ሥራ አለብን ብለው እስካሁን ያጉረመርማሉ። በረንዳው በር ይከፈታል። ሦስተኛዋ ስኒ ስትቀዳ እማማ ለሌሎቹ ያድላሉ፤ የራሳቸውን ባዶ ስኒ በእጃቸው ይዘው «በረካውን እናንተ ጠጡልኝ፣ ምርቃቱ ይደርሰኛል» ይላሉ።

ስለ ጣዕሙ ጠይቀናቸው ነበር።

«ጨው የሌለው ቡና ምን ቡና ነው፤ ውሃ ውሃ ይላል፤» አሉን፣ ስኒውን ለሁለተኛ ጊዜ እየዘረጉ።